ሞተር ሲታደስ የካምሻፍት ብሮንዝ አመራረጥ

ሞተር ወርዶ ሲታደስ የክራንክሻፍት (ፒስተኖቹ የሚያዞሩት ዋና ዘንግ) እና የቢየላ (ፒስተኑን ከክራንክሻፍቱ የሚያገናኘው ክንድ) ብሮንዞች፣ ማለትም ዘንጎቹ የሚዞሩባቸው የመቀመጫ ሽፋኖች፣ ተለክተው፣ ሳይዛቸው ተጣርቶ ይገዛሉ፤ የካምሻፍት (ቫልቮችን የሚከፍተው ዘንግ) ብሮንዝ ግን ብዙውን ጊዜ የሚታወሰው ብሎኩ ታጥቦ ከመጣ በኋላ ሲሆን፣ ግዢውም የሚፈጸመው የሞተሩን ስም ብቻ በመናገር ነው። ቸልታው ያለ ምክንያት የመጣ አይደለም። ካምሻፍት የሚሽከረከረው በክራንክሻፍት ግማሽ ፍጥነት ነው፤ በዋናነት የሚሸከመውም የፍንዳታውን ኃይል ሳይሆን የቫልቭ ሞላዎችን ግፊት ስለሆነ፣ ንጹሕ ዘይት ያላጣ ብሮንዝ ብዙ ዘመን ያገለግላል። መዘዙ የሚመጣው ምርጫው ከተሳሳተ ነው። ይህ ብሮንዝ በቦሎን እንደሚታሰር ግማሽ ክብ ሳይሆን ብሎኩ ውስጥ በግፊት የሚገባ ሙሉ ቀለበት በመሆኑ፣ አንዱን ለመለወጥ ሲባል የተገጣጠመውን ሞተር እንደገና መበተን ግድ ይሆናል።

ብሮንዝ የሚለው ስም ራሱ ትንሽ ያሳስታል። ስሙ ከነሐስ የመጣ ይሁን እንጂ ዛሬ አብዛኛው የካምሻፍት ብሮንዝ ጀርባው ስስ ብረት ነው፤ ከካምሻፍቱ ጋር የሚገናኘው የውስጥ ገጽ ደግሞ በብረቱ ላይ የተለበጠ ለስላሳ ቅይጥ ነው። ምርጫ ሲባል እንግዲህ ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎችን መመለስ ነው፤ አንደኛው ልኩ ስንት ነው የሚል፣ ሁለተኛው ልባጩ ከምን ይሠራ የሚል። እኔ ሁልጊዜ የምጀምረው ከልኩ ነው፤ ልኩ የተሳሳተ ብሮንዝ ከየትኛውም ጥሩ ቅይጥ ቢሠራ አይጠቅምም።

ደረጃ 1፦ የሞተሩን ዓይነት መለየት

ይህ መመሪያ በዋናነት የሚመለከተው ካምሻፍታቸው ብሎኩ ውስጥ ሆኖ ቫልቮቹን በፑሽሮድ (በገፊ ዘንግ) የሚከፍቱ ሞተሮችን ነው። ካምሻፍታቸው ቴስታታው (ከብሎኩ በላይ የሚታሰረው የሞተሩ ክፍል) ላይ ከሆነ ሞተሮች መካከል ብዙዎቹ የተለየ ብሮንዝ የላቸውም፤ ካምሻፍቱ የሚዞረው በራሱ በቴስታታው አሉሚኒየም ላይ ነው። እንዲህ ያለው ሞተር ላይ መቀመጫው ተቧጭሮ ከተገኘ የሚገዛ ብሮንዝ ስለማይኖር፣ ያለው አማራጭ መቀመጫውን በአንድ መስመር እንደገና ማስቦረሽ (በማሽን አስፍቶ ማስተካከል)፣ ለዚያ ሞተር የተዘጋጀ ቡሽ ካለ ማስገባት ወይም ቴስታታውን መለወጥ ነው። በቴስታታው ላይ ተነቃይ ብሮንዝ ያላቸው ሞተሮችም ስላሉ፣ ዕቃ ከማዘዝዎ በፊት ክዳኖቹን ፈትተው በዓይንዎ ይመልከቱ።

ደረጃ 2፦ አሮጌውን ብሮንዝ ከመጣል በፊት ማንበብ

አሮጌዎቹን ብሮንዞች ከማስወጣትዎ በፊት የእያንዳንዱን ቦታ ቁጥር ከፊት ወደ ኋላ ይጻፉ፤ የዘይት ቀዳዳው ወደ የት እንደሚያይና ብሮንዙ ከብሎኩ ጠርዝ ምን ያህል ገባ ብሎ እንደተቀመጠም ይመዝግቡ። የሞባይል ፎቶ ለዚህ በቂ ነው። ብሎኩ በጠንካራ አልካላይ በሚታጠብበት ቤት የሚያልፍ ከሆነ ብሮንዞቹ አስቀድመው መውጣት አለባቸው፤ ኬሚካሉ ልባጩን፣ በተለይም የአሉሚኒየሙን፣ ስለሚበላው ከእጥበት የተመለሰ አሮጌ ብሮንዝ ደህና ቢመስል እንኳ መልሶ መጠቀም አይገባም።

የብሮንዙ ገጽ ብዙ ይናገራል። ሁሉም ከታች በኩል በእኩል መጠን ለስልሰው ከተገኙ መደበኛ እርጅና ነው። አንዱ ብሮንዝ በአንድ ጠርዙ ብቻ ተበልቶ ከሆነ የብሎኩ ቀዳዳዎች ከአንድ መስመር ወጥተዋል ወይም ካምሻፍቱ ጎብጧል ማለት ነው፤ አዲስ ብሮንዝ ይህን አያቃናውም። ልባጩ እንደ ደረቀ ጭቃ ተሰነጣጥቆ ቅርፊቱ የተነሣ ከሆነ ቅይጡ ከሞላዎቹ ግፊት በታች ነበር፤ እዚህ ላይ ያንኑ ዓይነት መልሶ መግዛት ያንኑ ብልሽት መልሶ መግዛት ነው። ጥልቅ የክብ ጭረት ደግሞ የቆሻሻ ምልክት ሲሆን መፍትሔው የዘይት መስመሮቹን መጥረግ ነው። የብሮንዙ ጀርባ የተወለወለ መስሎ የሚያብለጨልጭ ከሆነ ብሮንዙ መቀመጫው ውስጥ ይንቀሳቀስ ስለነበር፣ የብሎኩን ቀዳዳ ልክ ከሌሎቹ በተለየ ጥንቃቄ ይፈትሹ።

ደረጃ 3፦ መለካት

ሦስት ነገሮች ይለካሉ፤ የካምሻፍቱ ጆርናል የውጭ ዲያሜትር፣ የብሎኩ ቀዳዳ የውስጥ ዲያሜትር እና የአዲሱ ብሮንዝ ግድግዳ ውፍረት። ጆርናል የምንለው በሎቦቹ (ቫልቮቹን በሚገፉት የካምሻፍቱ ጉብታዎች) መካከል ያለውን፣ ብሮንዙ ውስጥ የሚዞረውን ክብ አንገት ነው። ጆርናሉን በማይክሮሜትር ቢያንስ በሁለት አቅጣጫና በሁለቱም ጫፎቹ ይለኩት፤ ልዩነቱ ከ0.025 ሚሊሜትር ካለፈ ጆርናሉ ሞላላ ወይም ሾጣጣ ሆኗል፤ ካምሻፍቱ መሞረድ ወይም መለወጥ አለበት። የብሎኩን ቀዳዳ ለመለካት ዳያል ያለው የውስጥ መለኪያ ተመራጭ ነው። ካሊፐር ለዚህ ሥራ አይሆንም፤ እዚህ የምንነጋገረው ስለ መቶኛ ሚሊሜትር ነው።

የግድግዳው ውፍረት ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። የተራ ማይክሮሜትር መንጋጋ ጠፍጣፋ ስለሆነ በብሮንዙ ጎድጓዳ ገጽ ላይ ሲያርፍ ከእውነተኛው ውፍረት በላይ ያነባል። ጫፉ ድቡልቡል የሆነ ማይክሮሜትር ከሌለዎት ከአሮጌ ኩሽኔታ የወጣ አንድ ንጹሕ ኳስ በውስጥ በኩል ያስቀምጡና ኳሱን ከብሮንዙ ጋር ለክተው የኳሱን ዲያሜትር ይቀንሱ።

ከዚያ በኋላ ሒሳቡ ቀላል ነው። ከብሎኩ ቀዳዳ ላይ የግድግዳውን ውፍረት ሁለት ጊዜ ቀንሰው፣ ከቀሪው ላይ የጆርናሉን ዲያሜትር ሲቀንሱ የዘይቱን ክፍተት ያገኛሉ። ለምሳሌ ቀዳዳው 51.30፣ ግድግዳው 1.88፣ ጆርናሉ 47.46 ሚሊሜትር ቢሆን፣ 51.30 ሲቀነስ 3.76 ማለት 47.54 ይሆናል፤ ከዚህ ላይ 47.46 ሲቀነስ ክፍተቱ 0.08 ሚሊሜትር ነው። የሞተሩ ማንዋል የራሱን ልክ ከሰጠ ወሳኙ እሱ ነው፤ በአጠቃላይ ግን ለአብዛኞቹ የፑሽሮድ ሞተሮች ከ0.05 እስከ 0.10 ሚሊሜትር ያለው ክፍተት የተለመደ ነው።

ክፍተቱ ላይ እንዲህ አጥብቄ የምናገረው ስለ ዘይቱ ግፊት ስል ነው። ከብሮንዙ ጎን የሚያመልጠው ዘይት የሚጨምረው ከክፍተቱ ጋር እኩል ሳይሆን በክፍተቱ ኪዩብ ነው። ሌላው ሁሉ ባለበት ሆኖ ክፍተቱ ከ0.05 ወደ 0.10 ቢሰፋ የሚያመልጠው ዘይት ሁለት እጥፍ ሳይሆን ስምንት እጥፍ ይሆናል። አምስት ብሮንዝ ያለው ሞተር ክፍተቱ ከልኩ አልፎ በአምስቱም በኩል ሲያፈስ፣ ሞተሩ ሲሞቅና በሚኒሞ (ነዳጅ ሳይረገጥ) ሲዞር የዘይት መብራት ሊበራ ይችላል፤ ባለቤቱም ፖምፓ ይለውጣል፣ ዘይት ያወፍራል፣ ብሮንዙን ግን ማንም አይጠረጥረውም። ክፍተቱ ሲጠብ ደግሞ ካምሻፍቱ በእጅ አይዞርም፤ ቢዞርም ሙቀት ሲጨምር ሊነክስ ይችላል።

ደረጃ 4፦ የየቦታውን ልክ ለይቶ ማወቅ

አምስት ብሮንዝ በአንድ ካርቶን ስለመጣ አምስቱም አንድ ናቸው ማለት አይደለም። ካምሻፍቱ ከፊት ገብቶ ወደ ኋላ እንዲያልፍ፣ ብሮንዞቹም ሲገቡ የሌላውን መቀመጫ እንዳይቧጭሩ፣ አምራቾች ልኩን ከቦታ ቦታ ይለያያሉ፤ አለያየታቸውም አንድ ዓይነት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1955 መሠራት በጀመረው በመጀመሪያው ትውልድ የሼቭሮሌ ትንሹ ብሎክ ቪ8 ሞተር የካምሻፍቱ ጆርናሎች ሁሉም እኩል ሲሆኑ የሚለያየው የብሎኩ ቀዳዳ ነው፤ 1ኛው ከሁሉም ይሰፋል፣ 2ኛውና 5ኛው አንድ ልክ ናቸው፣ 3ኛውና 4ኛው ከሁሉም ይጠባሉ። በአንዱና በቀጣዩ ልክ መካከል ያለው ልዩነት 0.25 ሚሊሜትር ያህል ብቻ ስለሆነ በዓይን ለመለየት አስቸጋሪ ነው። በፎርድ 302 ደግሞ ጆርናሎቹ ራሳቸው ከፊት ወደ ኋላ እያነሱ ይሄዳሉ፤ 1ኛው 52.85 ሚሊሜትር ገደማ ሲሆን 5ኛው ወደ 51.33 ይወርዳል፤ ስለዚህ እዚያ ሞተር ላይ የብሮንዙም የውስጥ ዲያሜትር ከቦታ ቦታ ይለያል።

በዚህ ምክንያት ዕቃ ሲያዝዙ የሞተሩን ስም ብቻ ሳይሆን በብሎኩ ላይ አብሮ የተቀረጸውን የካስቲንግ ቁጥርና የተመረተበትን ዓመት ይስጡ። ስሙ ሳይለወጥ የብሎኩ ቀዳዳ በመሃል የተለወጠባቸው ሞተሮች አሉ። ዕቃው ሲደርስም እያንዳንዱ ብሮንዝ ላይ የታተመውን ቁጥር ከካታሎጉ ጋር ያመሳክሩ፤ የውጭ ዲያሜትሩንም ራስዎ ለክተው ከብሎኩ ቀዳዳ ጋር ያነጻጽሩት። የብሮንዙ የውጭ ዲያሜትር ከቀዳዳው በጥቂት መቶኛ ሚሊሜትር መብለጥ አለበት፤ ብሮንዙን ቦታው ላይ የሚይዘው ይህ ጥብቀት ብቻ ነው። በጣት ተገፍቶ የሚገባ ብሮንዝ የተሳሳተ ብሮንዝ ነው፤ በማጣበቂያ ሊይዙት አይሞክሩ።

ብሎኩ ወይም ካምሻፍቱ ከዚህ ቀደም ተሠርቶበት ከሆነ መደበኛው ብሮንዝ ላይሆን ይችላል። ጆርናሉ ተሞርዶ ከቀነሰ የውስጥ ዲያሜትሩ የጠበበ፣ የብሎኩ ቀዳዳ ተቦርሾ ከሰፋ ደግሞ የውጭ ዲያሜትሩ የወፈረ ብሮንዝ ይፈለጋል። ውስጡ ሆን ተብሎ በጠባቡ ተትቶ ከገባ በኋላ በቶርኖ ቤት በአንድ መስመር የሚቦረሽ ብሮንዝም አለ፤ ቀዳዳዎቹ ትንሽ ከመስመር ለወጡበት አሮጌ ብሎክ ሁነኛው መፍትሔ ይህ ነው፤ በትክክል የሚቦርሽ ባለሙያ ማግኘት ግን የግድ ነው።

ብሎኩ ከአሉሚኒየም ከሆነ አንድ ተጨማሪ ነገር ያስቡ። አሉሚኒየም በሙቀት የሚለጠጠው ከብረት ሁለት እጥፍ ገደማ ነው። ዲያሜትሩ 50 ሚሊሜትር የሆነ ቀዳዳ ሙቀቱ በ80 ዲግሪ ሲጨምር፣ ብሎኩ ጀርባው ብረት ከሆነው ብሮንዝ በ0.04 ሚሊሜትር ገደማ ይበልጥ ይሰፋል፤ ጥብቀቱም በዚያው መጠን ይቀንሳል። ስለዚህ ለጊዛ (ቀልጦ በቅርጽ የፈሰሰ ብረት) ብሎክ የሚበቃው ጥብቀት ለአሉሚኒየሙ ላይበቃ ይችላል፤ ለዚያ ብሎክ ተብሎ የተሠራውን ብቻ ይጠቀሙ።

ደረጃ 5፦ የልባጩን ቅይጥ መምረጥ

ልኩ ከታወቀ በኋላ ምርጫውን የሚወስኑት የቫልቭ ሞላዎቹ ናቸው። ሞተሩ በፋብሪካው ካምሻፍትና ሞላ የሚሄድ ከሆነ ባቢት የተለበጠው ብሮንዝ ከበቂም በላይ ነው። ባቢት ስሙን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1839 ቅይጡን ካስተዋወቀው አሜሪካዊ አይዛክ ባቢት ነው፤ በጣም የታወቀው ዓይነቱ 89 በመቶ ገደማ ቲን፣ ቀሪው አንቲሞኒና መዳብ ሲሆን፣ በአብዛኛው እርሳስ የሆነም አለ። ትልቁ ጸጋው ልስላሴው ነው። በዘይት ተንሳፍፎ የመጣ ደቃቅ ብናኝ ልባጩ ውስጥ ሰምጦ ይቀራል እንጂ ጆርናሉን አይሞርድም፤ ዘይት ለአፍታ ቢቋረጥም ካምሻፍቱን ቶሎ አይነክስም፤ ቀዳዳው በጥቂቱ ከመስመር ቢወጣም ራሱን ያስማማል። ዋጋውን የሚከፍለው በጥንካሬ ነው፤ ጠንካራ ሞላ ያለማቋረጥ ሲደበድበው ይደክምና ይሰነጠቃል።

ቫልቩን ከፍ አድርጎ የሚከፍት ካምሻፍት፣ ድርብ ሞላ ወይም ከፍተኛ ዙር የታሰበበት ሞተር ሲሆን አሉሚኒየም ከቲን ወይም ከሲሊከን ጋር የተቀየጠበት ልባጭ ይመረጣል። ከባቢት ይልቅ ድካምን ይቋቋማል፤ ቆሻሻን የመዋጥ ችሎታው ግን ያነሰ ስለሆነ የብሎኩን ንጽሕናና የጆርናሉን ልስላሴ አጥብቆ ይጠይቃል። መዳብና እርሳስ ላይ ሌላ ስስ ሽፋን የተለበጠበት ባለ ሦስት ንብርብር ብሮንዝም ለከባድ ጭነት ይሠራል። ለተራ የመንገድ መኪና እነዚህን መግዛት ጉዳት ባይኖረውም ትርፉ አይታየኝም፤ እንዲያውም ብሎኩን እንደ ነገሩ አጥቦ ለሚገጣጥም ሰው ባቢቱ ይቅር ባይ ነው።

ለውድድር ሞተር የሚመረጥ፣ ጆርናሉ በመርፌ ሮለር ላይ የሚዞርበት ኩሽኔታም አለ። ይህ ሰበቃን ይቀንሳል፤ ሆኖም ጆርናሉ ልዩ ጥንካሬ ያለው ብረት መሆን አለበት፤ ብሎኩ መቦረሽ፣ የዘይት ቀዳዳውም መጥበብ ሊያስፈልገው ይችላል። በተራ የጊዛ ካምሻፍት ላይ አይገጠምም።

የመጋጠሚያው ስፌትም ይታያል። ብዙ ብሮንዝ ከዝርግ ብረት ተጠቅልሎ ስለሚሠራ አንድ የመጋጠሚያ መስመር አለው። ሁለቱ ጫፎች እንደ ጥርስ የተቆላለፉበት ወይም ስፌት የሌለው ብሮንዝ ሲገባ ቅርጹን በተሻለ ይይዛል፤ ቀጥ ያለ ስፌት ያለው ከሆነ ስፌቱ ሸክሙ ከሚያርፍበት ቦታ እንዲርቅ አድርገው ያስገቡት።

ደረጃ 6፦ የዘይት ቀዳዳውን ማስተካከል

ከብሎኩ የሚመጣው የዘይት መስመር በቀጥታ ወደ ብሮንዙ ቀዳዳ የሚገባ ከሆነ ሁለቱ ቀዳዳዎች ፊት ለፊት መግጠም አለባቸው፤ ግማሹ የተሸፈነ ቀዳዳ ግማሽ ዘይት ነው። አንዳንድ ብሎክ ግን ከብሮንዙ ጀርባ ዙሪያውን የዘይት ቦይ ስላለው ቀዳዳውን የትም ማዞር ይቻላል፤ ይህ ነጻነት ሲኖር ቦታው በዘፈቀደ አይመረጥም። ሞላዎቹ ካምሻፍቱን ወደ ታች ስለሚጫኑት ሸክሙ የሚያርፈው በ6 ሰዓት አቅጣጫ ነው። ሞተሩን ከፊት ሲያዩት ካምሻፍቱ እንደ ሰዓት ቆጣሪ ወደ ቀኝ የሚዞር ከሆነ ቀዳዳውን በፈረንጅ ሰዓት 2 ላይ ያድርጉት፤ ዘይቱ ክፍተቱ ሰፊ በሆነበት ገብቶ፣ በካምሻፍቱ ዙረት ተጎትቶ፣ ሸክሙ ካለበት ሲደርስ ስስ ንጣፍ ሠርቶ ይጠብቃል። ወደ ግራ የሚዞር ከሆነ 10 ሰዓት ላይ ይሆናል። ቀዳዳውን 6 ሰዓት ላይ ማድረግ ግን ዘይቱን ሸክሙ በሚጫንበት በኩል ለማስገባት መታገል ነው።

ደረጃ 7፦ ማስገባትና መፈተሽ

ከማስገባትዎ በፊት የብሎኩን ቀዳዳ ጠርዝ በጣትዎ ይዳስሱ። አንድ ጊዜ አምስቱን ብሮንዝ አስገብቼ ካምሻፍቱ አራቱን እንደ ቅቤ ካለፈ በኋላ፣ 5ኛው ላይ ሲደርስ ድርቅ አለ። ብሮንዙን በቢላ ልፍቅ ተነሣሁና መልሼ ጆርናሉን በቀለም ቀብቼ አዞርኩት፤ ሳወጣው ብሮንዙ ላይ የጥፍር ስፋት ያላት አንዲት ነጥብ ብቻ ከጠርዙ አጠገብ አብለጨለጨች። ብሮንዙን አውጥቼ ስዳስስ ብሎኩ ጠርዝ ላይ አሮጌው ሲወጣ የተነሣች የብረት ምላስ አገኘሁ፤ ብሮንዙን ከጀርባው የገፋችው እሷ ነበረች። በሞረድ ተነሥታ አዲስ ብሮንዝ ሲገባ ካምሻፍቱ በሁለት ጣት ዞረ። ፍቄው ቢሆን ኖሮ ብሮንዙ አንድ ቦታ ላይ ስስ ሆኖ፣ ፍቅፋቂውም ልባጩ ውስጥ ተቀብሮ ይቀር ነበር።

ብሮንዙን በመዶሻና በእንጨት ሳይሆን ዲያሜትሩን ሞልቶ በሚይዝ ማስገቢያ፣ መሃሉን በሚጠብቅ መሪ ዘንግ ያስገቡት፤ ጠርዙ ሰያፍ ሆኖ የተቆረጠው በኩል ይቅደም። ጀርባውን በንጹሕ ዘይት ያርጥቡት። እያንዳንዱ እንደገባ በዘይት መስመሩ በኩል ቀጭን ሽቦ አሳልፈው ወይም ባትሪ አብርተው ቀዳዳው መግጠሙን ያረጋግጡ፤ ሁሉም እስኪገቡ አይጠብቁ። የኋለኛው ብሮንዝ ከልኩ አልፎ የካምሻፍቱ መዝጊያ ካፕ የሚቀመጥበትን ቦታ እንዳይነካም ይጠንቀቁ።

ሁሉም ከገቡ በኋላ ካምሻፍቱን ብቻውን፣ ያለ ቼንና ያለ ፑንቴሪያ (በሎቡ ላይ የሚያርፈው ገፊ)፣ በዘይት ቀብተው ያስገቡት። ሎቦቹ አዲሱን ልባጭ እንዳይቧጭሩ ከፊት ረጅም ቦሎን አስረው እንደ እጀታ ይያዙት። ሙሉ ዙር በእጅ፣ ያለ መቆራረጥ መዞር አለበት። አንድ ቦታ ብቻ ከጠበቀ እንደ እኔ በቀለም ይፈልጉት፤ በዙሩ ውስጥ በየጊዜው እየጠበቀ የሚለቅ ከሆነ ግን ካምሻፍቱ ጎብጦ ሊሆን ስለሚችል በቪ ብሎክ ላይ አስቀምጠው በዳያል ጌጅ ይፈትሹት።

ሞተሩ ተገጣጥሞ ከመነሣቱ በፊት የዘይት ፖምፓውን በድሪል ወይም በሌላ መንገድ አዙረው ዘይቱ እስከ ላይኛው ቫልቭ ድረስ መድረሱን ይመልከቱ። ሲነሣ የዳሽቦርዱን መብራት አምነው አይቀመጡ፤ በሜካኒካል ጌጅ ሲቀዘቅዝና ሲሞቅ ያለውን ግፊት ለክተው ከማንዋሉ ጋር ያነጻጽሩ፤ ከእያንዳንዱ ብሮንዝ ክፍተት ጋርም በአንድ ወረቀት ላይ ያስፍሩት። ከዓመታት በኋላ ግፊቱ ሲወርድ የት መጀመር እንዳለብዎ የሚነግርዎ ያ ወረቀት ነው።